ስንዝር ከፍ ያለችው ጣዎስ

«ሙሉ በሙሉ አፍርሷት አላልኩም፣ ጋሽ ሽመክት። አንድ ስንዝር ብቻ ዝቅ አድርጉልኝ ነው ያልኩት።»

ይህን የምትለው አንዲት መበለት ናት። ክርክሩ ከጀመረ ቆይቷል።

የሰፈሩ ሰው የክረምቱን ጎርፍ ከመንገድ ተቀብሎ ወደ መናፈሻው ኩሬ የሚወስድ ቦይ በጋራ ቆፍሯል። መልካም ሥራ አይደለም? መልካም ነው። ከዚያ የቦዩን አፍ እናስጊጠው ተባለ። ከየቤቱ የተሰበረ ሲኒና ሳህን ተለቀመ፤ በሲሚንቶ እየተለጠፈ ጅራቷን የዘረጋች ጣዎስ ተሠራች። የአንገቷ ሰማያዊ ከዚህችው መበለት የሰርግ ሳህን የወጣ ነው።

ሲሚንቶውና ስብርባሪው ሲደራረብ ግን የቦዩ አፍ ከመንገዱ በስንዝር ከፍ አለ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ጣዎሷ ላይ መውጣት አቃተውና ዞረ። ወዴት? ከመናፈሻው ሥር ወዳለችው የመበለቲቱ የጭቃ ቤት።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ሽመክት ክፉ ሰው አልነበሩም። እንግዶች ተጠርተዋልና ከምረቃው በኋላ እናየዋለን አሏት። አንዱ ከጎን ጎርፉ እንኳ ያንቺን ቤት ለምዷል ብሎ ሰዉን አሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«የአንገቷን ሳህን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ይሰበር ካልኩ፣ እናንተ ለምን ሳሳችሁለት?»

ሁለት ቀን ዘነበ። የጓዳዋ ግድግዳ ወደ ውስጥ ተናደ፤ በማግስቱ የመኝታ ቤቷም ተከተለ።

ወገኖቼ፣ እነዚያ ሰዎች ጨካኞች ነበሩ? አልነበሩም። ጣዎሷስ አስቀያሚ ነበረች? እንዲያውም ታምራለች። ቤት ያፈረሰችው ያቺ አንድ ስንዝር ናት።

እናንተስ በደጃችሁ ምን ሠርታችኋል? ጾማችሁ ያምራል። ዝማሬያችሁ ያምራል። ስማችሁም ያምራል። ከመንገዱ ስንት ስንዝር ከፍ ብሏል? እናንተ ዘንድ ሊገባ መጥቶ ሽቅብ መውጣት ያቃተው የሰው ጭንቀት ዞሮ በማን ግድግዳ ላይ እንዳረፈ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬ ቤታችሁ ስትደርሱ የበራችሁን ደፍ እዩት። አምሮ ካገኛችሁት ደግማችሁ እዩት።

የምረቃው ቀን ፀሐይ ነበር። ጣዎሷን ከበን ፎቶ ተነሣን፤ ጸሎቱን ያደረስኩት እኔ ስለሆንኩ መሐል ላይ አቆሙኝ። ፎቶው ዛሬም በእድሩ አዳራሽ ተሰቅሏል። ሁላችንም ወደ ፊት እናያለን። ከኋላችን፣ በመንገዱ ላይ፣ ፍራሽና አንድ ሣጥን የጫነ ጋሪ ቁልቁል ይወርዳል፤ ነጠላዋን ያጣፋች ሴትም ጋሪውን ይዛ ትሄዳለች።