የቀኛዝማቹ ብርዕ

ቀኛዝማች አጥናፍሰገድ የግዛቱን ደብዳቤ ሁሉ በገዛ እጃቸው እንደሚጽፉ በየግብሩ ላይ ይናገሩ ነበር። ሰሚውም እየጎረሰ፣ «እንዴታ!» ይላቸዋል።

ታዲያ አንድ የገበያ ቀን፣ ከበሬ ቀንድ ብርዕ ጠርባ፣ ቀለም አጠጥታ፣ በሰም አሽታ የምትሸጥ አንዲት ዓይነ አፋር ሴት አደባባይ አስጠሩ። ሴትዮዋ የቄስ ልጅ ናትና መጻፍ ታውቃለች፤ ሰው ፊት መናገር ግን ሞቷ ነው።

«አንቺ!» አሉ ቀኛዝማች፣ ሁለት ብርዕ ከፍ አድርገው። «ሁለቱንም በአንድ ቀን ነው የሸጥሽልን። የጸሐፊዬ እንደ መስተዋት ያበራል። የኔ ግን ይኸው ሦስት ዓመቱ፣ ዛሬም እንደ አመድ የደበዘዘ ነው። ለሎሌ አሳምረሽ ለጌታ ታበላሺያለሽ? ምክንያቱን ተናገሪ፤ አለዚያ መሣሪያሽን ሰብሬ ከገበያ አባርርሻለሁ!»

ሴትዮዋ የምትኖረው በዚያው መሣሪያ ነው። ሁለቱንም ብርዕ ተቀብላ አገላብጣ አየችና በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«ጌታዬ፣ ሁለቱንም እኩል ነው የሠራሁት። ግን ስንት ዘመን የደበቅሁት ነገር አለና ልናዘዝ። ሰው ‹እጅሽ ይባረክ፣ እንዴት ታስውቢዋለሽ!› ሲለኝ ዝም ብዬ ምስጋናውን እቀበላለሁ እንጂ፣ የመጨረሻው ውልወላ የኔ አይደለም። እኔ ሰም ቀብቼ እንደደበዘዘ ነው የምሸጠው። ብርዑ የሚያበራው ጸሐፊው ይዞት ሲውል፣ በመዳፉ እየታሸ ነው። የጌታዬ ግን...» አለች አንገቷን ደፍታ፣ «እግዜር ይመስገን፣ ልክ ከእጄ እንደወጣ ነው። ዕቃ እንዲህ አሳምሮ የሚያስቀምጥ ሰው አይቼ አላውቅም።»