የእንግዳ ማዕድና የሼህ ምስባህ ጉልበት

ስሟን ብጠራ ያገሯ ልጆች ይቀየሙኛልና አንዲት ጥንታዊ ከተማ ብዬ ልለፋት። ከደጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቆላውን ቁልቁል የምታይ፣ ነጋዴ ወጥቶ ነጋዴ የሚገባባት፣ መስጂዷ ከገበያዋ ቀድሞ የተሠራ ከተማ ነበረች። ሰዎቿ ደጎች ናቸው። ደግነታቸው ግን፣ አላህ ይማራቸውና፣ ሰው ይገድላል።

በዚያች ከተማ ሼህ ምስባህ የሚባሉ አሊም ይኖሩ ነበር። ኪታብ ያስቀራሉ፣ ጁሙዓ ያሰግዳሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። ጉቦ የማያውቁ፣ ፊት አይተው የማይፈርዱ ሰው ስለነበሩ ዱዓቸው ተቀባይ ነው ይባላል። ስለዚህ የልጁ አቂቃ፣ የጋብቻው ኒካህ፣ ሰደቃው፣ እርቁ ያለ እሳቸው አይጀመርም። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። መዘዙ ከዱዓው በኋላ ነበር። በከተማዋ ልማድ ለሼሁ የተለየ ሰሃን ይቀርባል፤ ከሙክቱ ላት የተቆረጠ ስብ፣ በላዩ ላይ ንጥር ቅቤ፣ ከጎኑ ማር። ሼሁ ሰሃኑን ጥርግ አድርገው ከበሉ ዱዓው ደርሷል፣ የቤቱም ሀብት ሐላል ነው። ካስተረፉ ግን ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። «ሼሁ ከዚህ ቤት ገንዘብ አንድ ነገር ታይቷቸዋል» ይባባላል። ይህን ከየትኛው ኪታብ እንዳገኙት እነሱው ይወቁት።

ሼሁም የሰው ስም እንዳይጠፋ እያሉ በሉ። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ፤ አንዳንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ አንድ ቤት፣ ከአስር በኋላ ሌላ ቤት። ደረሶቻቸውን የሆድን ሲሶ ለትንፋሽ ተዉ እያሉ ያስተምራሉ፤ ለራሳቸው ትንፋሽ ግን ቦታ አልተረፈም።

ሚስታቸው ሩቂያ ይህን ሁሉ ስታይ ኖራለች። ጀለቢያቸውን በየዓመቱ ጎኑን እየተረተረች የምታሰፋው እሷ፣ ዳገት ወጥተው ሲገቡ ማለክለካቸውን የምትሰማው እሷ። ተናግራለች፣ ለምናለች፣ አኩርፋለች። መልሳቸው አንድ ነው፤ «ሶብር አድርጊ ሩቂያ፣ ሰው ይከፋዋል።» ሶብር የሚለው ቃል ጆሮዋን አደንድኖት ነበር።

ታዲያ አንድ ጁሙዓ ሼሁ እያሰገዱ ሱጁድ ወረዱና መነሳት አቃታቸው። ጉልበታቸው እምቢ አለ። ጀማዓው ግንባሩን መሬት አስነክቶ ቢጠብቅ ቢጠብቅ «አላሁ አክበር» የሚል ተክቢራ የለም። በመጨረሻ ከፊተኛው ሰፍ ሁለት ሰዎች ሶላታቸውን አቋርጠው በብብታቸው ገብተው አነሷቸው፤ የቀረውንም ሌላ ሰው አሰገደ።

ቤት ሲገቡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ሩቂያ ውሃ ሰጥታቸው አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ለታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድ ተፈቅዶለታል» አሉ ሼሁ። «እኔ ግን በሽታውን በገዛ እጄ ነው የጎረስኩት። ጌታዬ ፊት ምን ብዬ ልቀመጥ?»

ሩቂያ፣ ይኸው ሰው፣ ከሞት ይልቅ ግንባሩን መሬት ሳያስነካ መሞትን የሚፈራ ሰው፣ እንዴት በቅቤ ይሸነፋል ብላ ተናደደች፤ አዘነችም።

በዚያው ሰሞን ከወደብ ከመጡ ነጋዴዎች ጋር አንድ በሽታ አዋቂ ጠቢብ ከተማዋ ገብቶ ነበር። አስጠሩት። እግራቸውን በጣቱ ጫን አድርጎ አየ፣ ትንፋሻቸውን አዳመጠ። «በሽታው የገባው በአፍዎ ነው» አላቸው። «ስቡንና ማሩን ይተዉ። ገብስ፣ ጎመን፣ ባቄላ፣ ቅቤው የወጣለት አሬራ ይበቃዎታል። የሚቀመጡባትን በቅሎም ለሌላ ሰጥተው በእግርዎ ይሂዱ። እምቢ ካሉ ዓመቱ ሳይዞር ተኝተው ነው የሚሰግዱት።» ሼሁ እያንዳንዱን ቃል በአክብሮት ሰሙ። ሩቂያ ይህንኑ ስትል ዓመታት አልፈዋል፤ ነገር ግን ሚስት እንጂ ጠቢብ አልነበረችም።

አመጋገባቸውን ለወጡ። መጀመሪያ ላይ ጭንቅ ነበር። አንድ ከሰዓት ሩቂያ ጓዳ ብትገባ ሼሁን ከማሩ ጋን አጠገብ አገኘቻቸው።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«እየላስኩ ነው» አሉ። ሼህ ምስባህ አይዋሹም። ሩቂያ ጋኑን አንስታ እህቷ ቤት ወስዳ አስቀመጠችው።

የቤቱስ እዳው ገብስ፤ የከተማው ነው ያንገሸገሻት። ሼሁ በበቅሎ መሄድ ትተው በእግራቸው ሲታዩ፣ ፊታቸውም ሳሳ ሲል፣ ታመሙ ተባለ። ታመሙ ከተባለማ ሊጠይቅ የማይመጣ የለም፤ ባዶ እጁን የሚመጣም የለም። ቅቤ የዋኘበት ገንፎ፣ የበግ ቅልጥም መረቅ፣ በማር የታሸ ጭኮ እየተጫነ መጣ። የሩቂያ ጓዳ የሰርግ ቤት መሰለ።

«የታመመ ሰው ቅቤ ካልበላ በምን ይድናል?» አለቻት ጎረቤቷ ዛህራ፣ ሰሃኗን እያስቀመጠች።

«ያሳመማቸው እኮ ቅቤ ነው፣ ዛህራ።»

«እሱ የገበያ ቅቤ ሆኖ ነው። የኔ ለጋ ነው፣ ከቤት።»

ሩቂያ ግድግዳውን አየች። ከግድግዳው ጋር መነጋገር ይቀላት ነበር።

ይህም ባልከፋ፤ የባሰው ከኸድር ቤት መጣ። ኸድር የጨው ነጋዴ ነው፤ ሚዛኑ የቀና፣ ምላሱ የተቆጠበ ሰው። ልጅ ወልዶ አቂቃ ደገሰና ሼሁን ጠራ። ሼሁ ሄዱ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ከሰሃኑ ትንሽ ቀምሰው እጃቸውን ታጠቡ። በሞቴ አሏቸው። አፈር ስሆን አሏቸው። በነቢ ይሁንብዎ አሏቸው። ሼሁ «አልሐምዱሊላህ፣ በቃኝ» ብለው ተነሱ።

ከዚያማ ሰው ተያየ። ኸድር ገበያ ሳይደርስ ወሬው ደረሰ። አንዱ ሚዛኑ ላይ ነገር አለ ይላል፣ ሌላው በወለድ ሳያበድር አይቀርም ይላል። የኸድርን ሰላምታ ይመልሱለታል፣ አሞሌውን ግን አልፈው ከሌላ ይገዛሉ። ለታላቅ ሴት ልጁ ለኒካህ ቀን ቆርጠው የነበሩ ሰዎችም «እስቲ እንቆይ» ብለው ላኩበት።

ሼሁ ይህን ሲሰሙ መስጂድ ቆመው ተናገሩ። «ያልበላሁት ጠቢብ ከልክሎኝ ነው፤ በኸድር ላይ አንዳች ነውር አላውቅም» አሉ። ጀማዓው ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። ሲወጣም «ሱብሃነላህ፣ የሰው ነውር እንዴት አድርገው ይሸፍናሉ!» ተባባለ። እውነት ተናግረው የማይታመኑት ስለ ደግነታቸው ሆነ። ከዚህ ሕዝብ ጋር ምን ይደረጋል?

ኸድር መጣ። የተቀመጠው የመደቡ ጫፍ ላይ ነበር። «ያ ሼህ፣ ልጄ ከቤት መውጣት ትታለች» አለ። «እንደገና ልደግስ። ሰው ሁሉ እያየ ሰሃኑን ይጨርሱልኝ። አንድ ቀን ብቻ።»

«እመጣለሁ» አሉ ሼሁ።

ሩቂያ እንግዳው እስኪወጣ ጥርሷን ነክሳ ቆየች። «አንድ ቀን ብቻ ይላል። ነገ ደግሞ ሌላው የኔስ ቤት ብሎ ይመጣል። ከዚያ ማን ከመሬት ያነሳዎታል? ጾመኛ ነኝ ይበሏቸውና ይገላገሉ። ጾመኛን ማንም ብላ አይልም።»

«ያልጾምኩትን?»

«ታዲያ ይጹሙ!»

«ሰው ፈርቼ የምጾመው ለማን ነው?» አሉ ሼሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በእኔ ሆድ የተነሳ የሰው ልጅ ስሟ ጠፍቶ፣ እኔ ሱጁዴን ሳሳምር ልኑር እንዴ?»

ሩቂያ ተነስታ ወጣች። ንዴቷ በማን ላይ እንደሆነ ለራሷም አልገባትም፤ በኸድር እንዳትል ኸድር ተበዳይ ነው፣ በሼሁ እንዳትል ትክክል ናቸው። እንደዚህ ያለ ንዴት መውጫ የለውም።

የድግሱ ቀን ከተማው ኸድር ቤት ሞላ። ዱዓ ሊያደርጉ ሳይሆን የሼሁን አፍ ሊቆጥሩ ነበር የመጡት። ሩቂያ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ወዲያ ተቀመጠች። ሰሃኑ መጣ፤ ስቡ ያብረቀርቃል። ኸድር ራሱ አቀረበው።

ሼሁ ሰሃኑን አላዩትም። «ኸድር፣ ልጆችህ ዛሬ ምሳ ምን በሉ?» አሉት።

«ያ ሼህ... የባቄላ ንፍሮና ጎመን ነው።»

«የተረፈ አለ?»

ከመጋረጃው ወዲያ የኸድር ሚስት ሰሚራ መለሰች። «አለ። ግን ለእርስዎ ማቅረብ ነውር ነው፣ ያ ሼህ።»

«ልጆችሽን በነውር ነው እንዴ የምታሳድጊያቸው? አምጪው።»

ንፍሮው በልጆች ገበታ ቀረበ። ሼሁ ቢስሚላህ ብለው፣ ሳይቸኩሉ፣ አንዲት ፍሬ ሳያስቀሩ በሉ። ገበታውን በጣታቸው ጠርገው ላሱና ለሰው ሁሉ እንዲታይ ዘቅዝቀው ያዙት።

«ሐላልና ሐራም በእኔ ሆድ አይለካም» አሉ። «ይህን ስንት ጊዜ አስተምሬ አልሰማችሁኝም። ተጠርጎ ካላየን አናምንም ካላችሁ ይኸው ተጠረገ። ከእንግዲህ እኔን የሚጠራ ቤት ልጆቹ የበሉትን ያቅርብልኝ፤ እሱን እጨርሳለሁ። ይህን ስብ ደጅ ለቆሙት ስጧቸው፣ እነሱን ማንም አጥግቦ አያውቅም።»

አንድ ሽማግሌ ስቡን ይብሉ ብሎ ሊምልባቸው አፉን ከፈተ፤ ምን ብሎ እንደሚምል ግን ጠፋውና ዘጋው። በዚያው ሳምንት የልጅቱ እጮኛ ቤተሰብ ይቅርታ ይዞ ኸድር ቤት ገባ።

ከዚያ ወዲህ ነበር ሩቂያ ያልጠበቀችው ነገር የመጣው። አንድ ሸክም የሚሸከም ሙሄ የሚባል ሰው በራቸውን አንኳኳ። ከከተማው ዳር ዳገቱ ላይ ነው የሚኖረው፤ እናቱ ታማ ተኝታለች። «እሜቴ፣ ቤታችን ያለው የገብስ ቂጣ ብቻ ነው» አላት፣ መሬት መሬት እያየ። «ሼሁ ዱዓ ሊያደርጉላት ይመጡ ይሆን? ሙክት ስለሌለን እስከ ዛሬ ጠርተናቸው አናውቅም።»

ሼሁ ያን ዳገት በእግራቸው ወጡ፤ ሩቂያም ተከተለች። ቂጣውን በሉ። የመግሪብ ሶላት ደረሰ። የሙሄ ቤት የተነጠፈ ነገር አልነበረውም፤ ሼሁ ባዶ አፈር ላይ ቆመው አሰገዱ። ሱጁድ ሲወርዱ ሩቂያ ከኋላ ሆና ትንፋሿን ዋጠች። ሼሁ አንድ እጃቸውን መሬት ላይ ደግፈው፣ ቀስ ብለው፣ ማንም ሳይነካቸው ተነሱ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ግንባራቸው ላይ አፈር ነበር። ሩቂያ አልጠረገችላቸውም። «ይህን ሁሉ ዘመን እነዚህ ሰዎች ለምን ሳይጠሩን ቀሩ?» ብላ ጠየቀቻቸው፤ መልሱን እያወቀች።

ሼሁም «ክብር ያልነው ነገር ድሃውን ከደጄ፣ ግንባሬን ከመሬት አራቀ» አሉ።

ወገኖቼ፣ ይህ ንግግር ለሼሁ ዘመን ብቻ የተነገረ ከመሰላችሁ ገበታችሁን ተመልከቱ። በረመዳን ስንጾም ውለን፣ ለኢፍጣር ሰባት ዓይነት ደርድረን፣ ተራዊሕ ሶላት ላይ የምናቃስተው እኛው ነን። የስኳር ሕመምተኛውን አጎታችንን «አንድ ቀን ምን ይልዎታል» እያልን በመሐላ አስጨንቀን የምናጎርሰው እኛው ነን። ካልበላ እናኮርፋለን፣ ሲወድቅ ቅቤ ይዘን እንሄዳለን። አካል አማና፣ የአላህ አደራ ነው እያልን እንሰብካለን፤ የሰውን አማና ግን በሞቴ ብለን እናስጎድላለን። ደግሞም ለአንድ እንግዳ ሙክት ስላጣ ስንቱ ደጁን ዘግቶ ዱዓ አጥቶ ይኖራል። እንግዳህን ልትወደው ከፈለግህ ልጅህ የበላውን አብላውና ጉልበትህ እንዴት ነው ብለህ ጠይቀው። ይህች ቀላል ነገር እንዴት እንዲህ እንደከበደችን፣ ወላሂ፣ እኔስ አልገባኝም።