ፊቷን የተቀባችው እቶን

ቂ ቂ ቂ… ቆዩኝማ፣ ሳቄን ልዋጠው። እቶን እንደ ሙሽራ ስትኳኳል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱስ ገና ምኑ ተነክቶ፤ ዋናው ኋላ ነው፤ ያኔ እኔም አልስቅም።

ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ብረት ማቅለጫ ቤት አንዲት አሮጊት እቶን ነበረች። ብረት እንደ ወተት ታፈላለች። ጠባቂዋ ጋሽ አንለይ አጠገቧ ዱካ ላይ ተቀምጦ ምሳውን ይበላል። ከሥሯ ድመት ትተኛለች። ከጣሪያው ላይ ደግሞ አንድ ዓይን ተሰቅሏል። ይህ ዓይን መልክ አያይም፣ የሚያየው ሙቀት ነው፤ ትኩሱ ቀይ፣ ቀዝቃዛው ጥቁር ሆኖ ይታየዋል። ያየውንም ለጋሽ አንለይ በስክሪን ያሳያል።

አንድ ቀን ዓይኑ በእቶኗ ጎን ላይ ቀይ ነጥብ አየ።

«እሜቴ፣ ጎንሽን ምን ነካው?» አላት።

ሆዷ ከውስጥ ተበልቶ ሳስቶ ኖሯል። ቢፈነዳ የቀለጠው ብረት መጀመሪያ የሚውጠው ዱካውን ነው። ይህ ከታወቀ ደግሞ እሳቷን አጥፍተው ሊያፈርሷት ነው፤ እሷ ከሞት ይልቅ ብርድ ትፈራለች። እቶኗ «ድመቷ ተደግፋኝ ነው» ብላ ዋሸች። ዓይኑም አመነ።

ሌላ ቀን ነጥቡ እንጎቻ አክሎ አገኘው። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ነው አለችው። አሁንም አመነ። ሰማዩ ግን ደመና ነበር።

ከዚያ እንቁጣጣሽ ደረሰ። በዚያ ቤት ለበዓል ሁሉን ነገር ቀለም መቀባት ልማድ ነው። እቶኗ «አንለይዬ፣ በሩን ቀብተህ እኔን ብትተወኝ ሰው ምን ይልሃል?» እያለች አባበለችው። እሱም ብርማ ቀለም ከአናቷ እስከ እግሯ ለቀለቃት። ብርማ ቀለም ደግሞ እንደ መስታወት ነው፤ የውስጡን ሙቀት ይደብቃል፣ የፊት ለፊቱን ያንጸባርቃል።

ዓይኑ ቢያይ፣ እቶኗ የለችም። ብረቱ ይፈላል፣ እሳቱ ያጉረመርማል፣ በቦታዋ ግን ጥቁር ነገር ብቻ ቆሟል። በጥቁሩ ውስጥ አንድ ሌላ ዓይን ትክ ብሎ ያየዋል። የራሱ ምስል መሆኑን እስኪያውቅ ተንቀጠቀጠ።

ጋሽ አንለይ ቀዩ ነጥብ ከስክሪኑ መጥፋቱን አይቶ «ተመስገን፣ ዳነች» አለና ዱካውን ይበልጥ አስጠጋ።

ዓይኑ ወደ ወለሉ ዞረ። ድመት ተነሥታ ብትሄድም ሙቀቷ መሬቱ ላይ ይቀራል፤ ድመት የሌለበት የድመት ቅርጽ። አንዱ ቅርጽ ከእቶኗ ሥር ሊጠፋ ተቃርቧል። ሌላው ራቅ ብሏል። ገና ትኩሱ በሩ ጋ ነው። ሙቀት ወዳዷ ድመት ከሙቀት እየሸሸች ነበር።

«ጋሼ፣ ጓንትህን ጥላሸት ቀባና ጎኗ ላይ አትም፤ ጥላሸት እንደ ብርማ ቀለም ሙቀት አይደብቅም» አለ ዓይኑ።

«በዓመት በዓል ላቆሽሻት?»

«አቆሽሻት።»

ጋሽ አንለይ እየሳቀ አተመ። በስክሪኑ ጥቁር መሃል አንድ እጅ በራ፤ ደም የመሰለ ቀይ፣ አምስት ጣቱን ዘርግቶ፣ ከውስጥ በኩል እንደሚገፋ እጅ። ጋሽ አንለይ ሳቁን ትቶ ዱካውን ጥሎ ሮጠ፤ ብረቱን አስቀዳ፣ እሳቱን አጠፋ።

ቀዝቅዛ ስትከፈት፣ በዱካው ትይዩ ያለው ግድግዳዋ የሽንኩርት ልጣጭ አክሎ ተገኘ።

አሁን ቀዝቅዛለችና ለዓይኑ ጨርሶ አትታይም። ከጥቁሩ ውስጥ ግን ድምጿ መጣ፦

«ፊቴን ተቀብቼ ዓይንን ሸነገልኩ፤ የሸሸችኝን ድመት ግን በምን ቀለም ልመልሳት?»