ድድና ልብ ምን አገናኛቸው?

አንድ ቀን የእህል ነጋዴው የአቶ ወልደሃና ዘበኛ ይመር ጉንጩን በፎጣ አስሮ ከጤና ጣቢያ ተመለሰ። ሚስቱ ዘነቡ ትራሱ ላይ ደም ባየች ቁጥር ስትጨቀጭቀው ከርማ፣ በመጨረሻ «ወይ ትታከማለህ፣ ወይ ፍራሽህን ይዘህ ጌታህ ደጅ ታድራለህ» ብላው ነው የሄደው።

አቶ ወልደሃና የማያውቁት ነገር የለም። ዝናቡን ከሰማዩ ቀድመው፣ በሽታውን ከሐኪሙ ቀድመው ያውቃሉ። አንድ የማያውቁት ነገር ቢኖር ለዘበኛ ፈቃድ መስጠት ነው።

«ጌታዬ» አለ ይመር፣ «ድድህ መግል ይዟል ተባልኩ። ልቤ ድሮም ደካማ ስለሆነ፣ የድዴ ቁስል በደም አድርጎ እሱንም ሊጎዳው ይችላል አሉኝ። ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ ልታከም ፈቃድዎ ይሁን።»

አቶ ወልደሃና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ድድ አፍ ውስጥ፣ ልብ ደረት ውስጥ! መሃላቸው ስንት አገር አለ! ምን አገናኛቸው? ጥርስህን አሞህ በልብ ልታስፈራራኝ? ሂድ፣ በጨው ውሃ ተጉመጥመጥና በርህን ጠብቅ!»

ይመር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚያው መልስ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። መልሱን እንደ ሊጥ ያሳድረዋል። እጅ ነስቶ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ወልደሃና ከመኝታ ቤታቸው ብቅ ሲሉ፣ ይመር ሳሎኑ መሃል ከብረት ሣጥናቸው አጠገብ ዱላውን ታቅፎ ተቀምጧል። በመስኮት ቢያዩ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የጎረቤት ፍየል ገብታ የተሰጣውን ሽንብራ ትቆረጥማለች፤ እሷስ ድዷን የሚያማት አትመስልም።

«አንተ! አብደሃል እንዴ? እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ሣጥንዎን እጠብቃለሁ፣ ጌታዬ።»

«በሩን ከፍተህ? ሌባው በየት የሚገባ መስሎሃል፣ አንተ የማትረባ! በሩ ካልተጠበቀ ሣጥኑ ይተርፋል?»

ይመር ያበጠ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ቀና አለ።

«ኧረ ጌታዬ! በሩ መንገድ ዳር፣ ሣጥኑ ሳሎን ውስጥ! መሃላቸው ስንት አገር አለ! ምን አገናኛቸው?»

አቶ ወልደሃና ዱላውን ከእጁ ተቀብለው ፍየሏን ሊያባርሩ ወጡ። ይመር ከጤና ጣቢያ እስኪመለስም በሩን ራሳቸው ጠበቁ።