የጠዋቱ አሥራ አምስት

አንድ ሰው ነበረ፤ የተልባ ዘይት እያፈላ ቫርኒሽ የሚሠራ። ዘይቱ ከልኩ ካለፈ እሳት ይይዛል። ይህን አያውቅም? ያውቃል እንጂ! ሃያ ዓመት ሠርቶበታል።

ሙቀቱን በምን ይለካል? ከሁለት ዓይነት ብረት በተሠሩ ሁለት ሽቦዎች። አንደኛው ጫፋቸው ዘይቱ ውስጥ ነው፤ ሌላው ጫፋቸው ውጭ፣ ቮልት መለኪያው ላይ። ቮልቱን ያነባል፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ሰንጠረዥ ዲግሪውን ይፈልጋል። ነገር ግን አስተውሉ፤ ያ ቁጥር የሚናገረው የዘይቱ ሙቀት ከክፍሉ ምን ያህል እንደሚበልጥ ብቻ ነው። ስለዚህ የክፍሉን ሙቀት መደመር አለበት።

ሰውየውም ይደምራል። ሰነፍ አይደለም። ጠዋት ሲገባ ክፍሉን ለካ፤ አሥራ አምስት ዲግሪ። በሩ ላይ በጠመኔ ጻፈው። ቀኑን ሙሉ አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት እያለ ደመረ።

ቀኑ ግን አልጠበቀውም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ጋለ። ክፍሉ አርባ ገባ። ክፍሉ ሲሞቅ ምን ሆነ? በዘይቱና በክፍሉ መካከል ያለው ልዩነት ጠበበ፤ መለኪያውም ቁጥሩን ቀነሰ። ሰውየው፣ “ዘይቱ በረደ” አለ። እሳት ጨመረ!

ከአጠገቡ የቀዘቀዘውን ቫርኒሽ በጣሳ የምትሞላ እናኑ የምትባል ሴት ነበረች። “ጋሼ፣ ኧረ ዛሬ ሽታው ልክ አይደለም። ዓይኔንም እያቃጠለኝ ነው” አለችው።

“አንቺ በአፍንጫሽ፣ እኔ በመሣሪያ! አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ” አላት። ደግሞ እሳት ጨመረ።

ዘይቱ ቦግ አለ። እናኑን ጎትተው አወጧት፤ ነፍሷ ተረፈች። ሁለቱ እጆቿ ግን እስከ ክርኗ ተቃጠሉ። ሰውየው ደጅ ቆሞ፣ “በትክክል አንብቤያለሁ እኮ! በትክክል አንብቤያለሁ!” ይል ነበር። አልዋሸም፤ በትክክል አንብቧል።

ወገኖቼ፣ እኔ ይህን ሳስብ እፈራለሁ። እናንተ አትፈሩም? ራሳችሁን መርምራችኋል፤ አውቃለሁ። ግን መቼ? ንስሐ የገባችሁ ሰሞን! ያን ጊዜ የሰው ስም በሐሜት ሲነሳ ትደነግጡ ነበር። ዛሬስ? ዛሬ አብራችሁ ትስቃላችሁ። ኃጢአቱ ትንሽ የመሰላችሁ እሱ ስለበረደ ነው? አይደለም! እናንተ ስለጋላችሁ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እሳትም እንደዚያው ነው።

በንስሐው ቀን ልባችሁ የዛሬውን ኃጢአት አትለኩ። አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው፣ “ተለውጫለሁ ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ትናንት ባለቤቴን ጠየቅኋት። መልስ የማይቸግራት ሴት ናት፤ ታውቋታላችሁ። ዝም አለችኝ።

ሂዱ፤ ዛሬ ሳይመሽ ጠይቁ። ዝም ካሏችሁም፣ ዝምታውን ስሙት።