እመት ገብስማ ለእማማ ሙቂት ቤት ስትፈልግ

ልጆች፣ ጆሯችሁን ወደኔ፣ እግራችሁን ወደ ብርድ ልብሱ። ተረት ልጀምር ነው።

በድሮ ጊዜ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ አንድ የወፎች መንደር ነበረ። ክረምቱ ብርቱ ነው። ዝናቡ ከጀመረ አያባራም፣ ብርዱ ከመጣ አይሄድም። ስለዚህ እናቶቹ እንቁላላቸውን ሁሉ አንድ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። ሳጥኑ እንዳይበርድ፣ ደግሞም ከልክ በላይ እንዳይሞቅ የሚጠብቁት እማማ ሙቂት ናቸው።

እማማ ሙቂት ሰው አይደሉም፣ ወፍም አይደሉም። ፕሮግራም ናቸው። የሚኖሩት አንዲት ቀጭን ጥቁር ዲስክ ላይ ነው። ማን እንደሠራቸው፣ መቼ እንደሠራቸው የሚያስታውስ የለም። ብቻቸውን ከማውራት ሌላ ምንም አይችሉም፤ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገቡ ግን ለሥራ ይነቃሉ። ከነቁ ደግሞ ሳጥኑን የሚያሞቀውን መብራት ሲያበሩ ሲያጠፉ፣ ሲያበሩ ሲያጠፉ፣ ጫጩት እስኪወጣ ዓይናቸውን አይከድኑም።

አንድ ቀን ጠዋት ያ የሚሠሩበት ኮምፒውተር ጨሰ፣ ጨሰና ሞተ። ሳጥኑ ጨለመ። እናቶቹ እየሮጡ መጥተው እንቁላሎቹ ላይ ክንፋቸውን ዘረጉ። ክንፍ ግን ለሁሉም አልበቃም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሌላ ኮምፒውተር ካልመጣ ብርዱ አንድም እንቁላል አያስተርፍም።

ማን ይሂድ ተባለ። እመት ገብስማ ተነሳች። እመት ገብስማ ገና የመጀመሪያ እንቁላሎቿን የጣለች፣ ልጅ እግር ዶሮ ናት። ጭንቀታም መሆኗን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እንቁላሏ ሳጥን ውስጥ እያለ እንኳ ትመጣለች፣ ታዳምጣለች፣ ትሄዳለች። ደግሞ ተመልሳ ትመጣለች። ጎረቤቶቿ፣ አንቺ ካላየሽው ይጠፋል እንዴ እያሉ ይስቁባታል። ያን ቀንም የተነሳችው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ስለማይሆንላት ነው።

ዲስኳን በክንፏ ሥር ያዘች። አህያን ዕቃ እንዲሸከምላት ለምና አስከተለች። መንገድ ላይ እማማ ሙቂት ከክንፏ ሥር ተናገሩ።

"ልጄ፣ እኔ የማውቀው የድሮውን ቋንቋ ብቻ ነው። አዲሶቹ አይሰሙኝም። አሮጌ ቤት ፈልጊልኝ፣ የፈረሰ ግን እንዳይሆን።"

"አሮጌውና የፈረሰው በምን ይለያል፣ እማማ?"

"እሱን እኔም አላውቅ። እኔ የማውቀው ከገባሁ በኋላ ነው።"

ይህ መልስ እመት ገብስማን አላጽናናትም። ቢሆንም ሄደች።

ገበያው ውስጥ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴው አያ ጉሬዛ ነው። ጥቁርና ነጭ ካባውን ለብሶ፣ ጅራቱን አንዠርግጎ ተቀምጧል። የምትፈልገውን ነገረችው። እሱም ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ስስ፣ የሚያብለጨልጭ ኮምፒውተር አወጣላት።

"እኔ የማልችለው ነገር የለም" አለ ስሱ ኮምፒውተር።

እመት ገብስማ ዞር ዞር እያለች አየችው። እማማ ሙቂት የሚገቡበት በር የለውም። በየት ይገባሉ ብላ ጠየቀችው። እሱም፣ ዲስክ ድሮ ቀረ፣ እኔ ሥራዬን የማወርደው በኢንተርኔት ከሰማይ ነው አላት። ቀና ብላ ሰማዩን አየች።

"ሰማዩ ዝም ያለ ዕለትስ?"

"ያኔማ እኔም ዝም እላለሁ" አላት።

እሱን ተወችው።

አያ ጉሬዛ ሁለተኛውን አመጣ። ይሄኛው አሮጌ ነው፣ ግን ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ፊት ያሳያል። በር አለው። ሲሰኩት ወዲያው ተነሳ። እማማ ሙቂት ገቡ፣ ጥቁሩ መስታወት ላይ አረንጓዴ ፊደል ተግተለተለ። አህያ፣ በሉ ጫኑኝና እንሂድ፣ ዝናቡ መጣ አለ። እመት ገብስማም ደስ አላት። ግን እንደገና አጥፍተን እናስነሳው አለች።

አያ ጉሬዛ ሳቀ። "እመት ገብስማ፣ የነቃን ምን ይቀሰቅሱታል? ልጅ ነው እንዴ?"

"ልጅማ አይደለም፣ አያ ጉሬዛ። ልጄን የሚይዝልኝ ግን እሱ ነው።"

አጠፉት፣ ቀሰቀሱት። እየተንፏቀቀ ተነሳ። ደግመው አጠፉት፣ ቀሰቀሱት። ከውስጡ ጧ አለ፣ የዛገ ብረት ሸተተ፣ ከዚያ ዝም። እማማ ሙቂትን ጎትተው ሲያወጧቸው፣ ቤቱ ላዬ ላይ ተደረመሰ ልጄ አሉ። አያ ጉሬዛ ካባውን እየነካካ፣ እንዲያምር ብዬ ወንዝ ወርጄ አጥቤው ነበር አለ።

እመት ገብስማ አልተቆጣችም። የሚታቀፍ እንቁላል አይታጠብም። ላዩ ሲጠራ ውስጡ ይበላሻል። ይህን እናቷ ነግራት ነበር፣ ለኮምፒውተርም ይሆናል ብላ ግን አላሰበችም።

ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ሌላ የለህም ወይ አለችው። የለኝም አላት። ይሄኔ ከበሩ ሥር አንድ ወፍራም ድምፅ ተሰማ።

"እኔስ? ያልታጠብኩት?"

ዞር ቢሉ የሱቁን በር ደግፎ የያዘ ኮምፒውተር ነው። ቢጫ ሆኗል። አቧራው ያስነጥሳል። አያ ጉሬዛ ለበር መደገፊያ ነበር ያስቀመጠው።

"አባባ፣ ምን ይሠሩ ነበር?" አለችው።

"ወፍጮ ቤት ነበርኩ። ባለቤቱ እስኪዘጋው ድረስ ሠራሁ። ጉድለቴን አልደብቅሽም። ድምፄ እንደ ድንጋይ ወፍጮ ነው። በተኛሁ ቁጥር ደግሞ ቀኑን እረሳለሁ፣ ስነሳ የሚነግረኝ እፈልጋለሁ። ከዚህ ሌላ ደህና ነኝ። ማንም ፈትቶኝ አያውቅም።"

በክንፏ አቧራውን አራገበችለት። እንቁላል በብርሃን እንደሚታይ፣ የጎኑን ቀዳዳ ወደ ፀሐይ አዙራ ውስጡን አየች። ያበጠ የለም፣ የዛገ የለም፣ የሸተተ የለም። ሰኩት። ግርርር፣ ግርርር፣ ጢጥ። ተነሳ። አጠፉት። ግርርር፣ ግርርር፣ ጢጥ። ተነሳ። አጠፉት። አሁን ገበያተኛው ሁሉ ከቦ ቆሟል። ግርርር፣ ግርርር፣ ጢጥ። ያው ድምፅ፣ ያው አረንጓዴ ፊደል። እመት ገብስማ አንዴ እንድገም ልትል አፏን ስትከፍት እማማ ሙቂት ከውስጥ፣ ይበቃል ልጄ፣ ደህና ቤት ነው አሏት።

ዝናቡ መንጠባጠብ ጀመረ። አያ ጉሬዛ ካባውን አውልቆ ኮምፒውተሩን አለበሰው። አህያም ያለማንም ጉትጎታ ሮጠ።

መንደር ሲደርሱ ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ናት። እናቶቹ በብርድ ተንቀጥቅጠዋል። አሮጌው ኮምፒውተር ተሰካ፣ አጉረመረመ፣ ተነሳ። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። መንደሩ በሙሉ ባንድ አፍ ነገረው። እማማ ሙቂት ገቡ። ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ መብራት ቦግ አለ።

ምን ልበላችሁ ልጆች። በነጩ ቅርፊት ውስጥ ብርሃኑ ሲያልፍ፣ በየእንቁላሉ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ደም ታየ። ክሩ መሀል ደግሞ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነገር ትመታለች። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ። የሁሉም ይመታል። እናቶቹ ክንፋቸውን ሰብስበው ቆሙ። ስሙ የማይታወቅ እጅ የሠራቸው አሮጊት፣ ማንም ያልፈለገው ሽማግሌ ውስጥ ገብተው፣ ገና ዓለምን ያላየውን ሁሉ በሕይወት ያዙት። 

ስለዚህ ልጆች፣ ለአሮጌ ፕሮግራም አሮጌ ኮምፒውተር ስትመርጡ መልኩ አያታልላችሁ። አንዴ ተነሳልኝ ብላችሁም አትመኑት። አጥፉት፣ ቀስቅሱት፣ ደግሞ ቀስቅሱት። ጉድለቱን ራሱ የሚነግራችሁን ያዙ። የነፍስ አደራ የሚሰጠው ዛሬ ለተነሳ ሳይሆን ነገም ለሚነሳ ነው።

ተረቴ አለቀ፣ አፌ ደረቀ። ውሃ ያቀበለኝ ይደግ፣ የተኛም በደህና ይንቃ።