የደጃዝማች ሹል መኪና

ደጃዝማች ወንድይራድ ጅራቷ እንደ ውሃ ጠብታ የሾለ ብርቅ መኪና ገዙና፣ መኳንንቱን አስከትለው አንድ ምላሰኛ መካኒክ ዘንድ መጡ።

"የየት አገር ሥሪት እንደሆነች ካላወቅህ ጋራዥህን አስዘጋዋለሁ!" አሉት።

መካኒኩ የፊቷን ክዳን ቢከፍት ሞተር የለም፤ ባዶ ነው። መኳንንቱ ሳቁበት። ዞሮ የኋላውን ከፈተ፤ ሞተሩ ላይ የተቀረጸውን አየና፣ "እንግሊዝ ሠራሽ ናት። ነፋስ እንዳይዛት ብለው ነው ያሾሏት፤ እንደሷ ያሉትም ጥቂት ናቸው" አለ።

ደጃዝማች መልሱ ልክ ሆኖባቸው ተናደዱ። "ሞተሯ ከኋላ መሆኑን እንኳ የማታውቅ፣ ምን ዓይነት መካኒክ ነህ?"

"ይቅር ይበሉኝ ጌታዬ፤ ከፊት የሚቀድም ሁሉ ውስጡ አንዳች ነገር ያለው መስሎኝ ነው። ለካ መኪናም እንደ ሰው ነው።"